ከሙሽሮቹ ኋላ የቆመው ልጅ

ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለአጎቴም አልነገርኩም። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ፊቴንም አታዩትም፤ ስለዚህ ስሙኝ።

ጎንደር ፒያሳ፣ አጎቴ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምሠራው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሙሽራ ሁሉ ከኋላው ያለውን ዳስና የፕላስቲክ ወንበር አውጥቼ አበባ ወይ ፏፏቴ እንዳደርግለት ይፈልግ ነበር። የሙሽሮቹን ዙሪያ በመስመር እከባለሁ፣ ባክግራውንዱን አጠፋለሁ፣ ሴቭ አደርጋለሁ። አዲሱን በሌላ ስም አስቀምጪ ብሎ አጎቴ ስንቴ ነግሮኛል! እኔ ግን ሰነፍ ነበርኩ። በዚያው ስም ላስቀምጥ ስል ኮምፒውተሩ በነባሩ ላይ ይተካ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሳላነብ አዎ እለዋለሁ።

አንድ ቀን እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ጥቁር ለብሰው ከዛሪማ መጡ። ልጃቸው ሳንጃ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ሞቶባቸዋል። ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኛ ባነሳነው የጓደኛው ሰርግ ላይ፣ ከሙሽሮቹ ኋላ ቆሞ ነበር።

«እሱን ብቻ አውጥተሽ አሳድጊልኝ፣ የኔ ሸጋ» አሉኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ሙሽሮቹ አሉ። ከኋላቸው ጽጌረዳ ነው። ከልጁ የቀሩት ሙሽራው ትከሻ ላይ ያሳረፋቸው አራት ጣቶች ብቻ ነበሩ። ካሜራው ላይ የነበረውም ተደምስሶ ሌላ ሰርግ ተነስቶበታል፤ ሙሽራውም የወሰደው ጽጌረዳ ያለበትን ነው።

ያኔ አጥፍቼዋለሁ ብል ምን እሆን ነበር? እሳቸው ያለቅሱ፣ አጎቴ ያባርረኝ ነበር፤ አለቀ። እኔ ግን ስክሪኑን ወደ ራሴ አዞርኩትና «ትንሽ ደብዝዟል፤ እስቲ መልኩ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። ጠይም፣ ግንባረ ሰፊ፣ ሲስቅ አንድ ጉንጩ ስርጉድ የሚል ነው አሉኝ። በሥዕል አወጣዋለሁ፣ ለሳምንት ይመለሱ አልኳቸው።

ሳምንቱን ሙሉ ሰው ስሠራ ከረምኩ። ግንባሩን ከአንድ ሚዜ፣ ዓይኑን ከሌላው፣ አፍንጫውን አዘዞ ሰርግ ከበላ የማላውቀው እንግዳ ወሰድኩ። በላዩ ላይ መስመር በመስመር ሳልኩ፣ ቀለም ሞላሁ።

ሲመጡ ብዙ ቆይተው አዩት። «አፍንጫው እኮ እንዲህ አልነበረም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ወንጀሌ እዚህ ላይ ነው፤ ማጥፋቴ ላይ አይደለም። እኔ ምን አልኩ? «እማማ፣ ከፎቶው ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ፎቶ ደግሞ አይዋሽም። ኀዘን ነው ያስረሳዎት» አልኩ። እኔ፣ አንድም ቀን መልኩን ልብ ብዬ አይቼ የማላውቀው፣ ለወለደችው እናት ልጅሽ እንዲህ ነበር ብዬ አስተማርኩ! ደነገጡ። ሥዕሉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ውይ ልጄ፣ ይኸን ያህል ረሳሁህ?» ብለው ይቅርታ ለመኑት። ወላሂ፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ተናገርኩ? አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ጎንደር በመጡ ቁጥር ሳያዩኝ አይመለሱም። ይመርቁኛል። ዘመዶቻቸው አይመስልም ሲሏቸው «ረስታችሁት ነው» ብለው እንደሚቆጡ ይነግሩኛል። ብናገር ልጁን ሁለተኛ እገድልባቸዋለሁ። ዝም ብል የማንንም ሰው ፊት አስታቅፌ እያስለቀስኳቸው ነው። በየት በኩል ልውጣ? አንዳንዴ ለእሳቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት እላለሁ። ውሸቴን ነው። ለራሴ ፈርቼ ነው።

ባለፈው መጡና እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ደስታው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን በሕልማቸው መጥቶ አያውቅም ነበር።

«ትናንት ማታ መጣልኝ» አሉኝ። «መልኩ ቁርጥ አንቺ እንደሳልሽው ነው።»

እሰይ አልኳቸው። እኔ ነኝ እሰይ ያልኩት። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸውን ደግሞ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።