የልጄን ጉልበት ሊያይ የመጣ ሰው

ሰውዬው ቤቴ ገብቶ ከሰላምታ ቀጥሎ የነካው የልጄን ጉልበት ነው። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳሉ ዘንበል አለና፣ እኔ እናቱ ፊት ለፊት እያየሁት፣ የጉልበቱን ሎሚ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገው።

«ያምሃል?» አለው በእንግሊዝኛ።

«አያመኝም» አለ ልጄ።

«እስቲ ቁጢጥ በል።»

ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ልጄ ምንጣፌ ላይ ቁጢጥ አለ። «ተነስ» አለው፤ ተነሳ። «እንደገና» አለው፤ እንደገና ቁጢጥ አለ።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ቄራ ሰፈር ነው። ነጋዴ በሬ ሲገዛ አይቻለሁ። ጭራውን ያነሳል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያያል። መታረዱ አያስጠላኝም ነበር፤ ሥጋ እንበላለን አይደል። የሚያስጠላኝ ያ መነካካት ነው። በሬው እየተነካካ ዝም ብሎ መቆሙ። ልጄም እንደዚያው ሆነ፤ ልዩነቱ እሱ ፈገግ ማለቱ ብቻ ነው።

ሃያ ሁለት አልኩ እንጂ ወረቀቱ ላይ ሃያ አንድ ነው። የዚያን ቀን ፍርሃቴ ሁሉ በዚች አንድ ዓመት ነበር።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ለንደን የገባነው እኔና ልጄ ብቻ ነን፤ አባቱን ኩላሊት ገድሎታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የእንግሊዝኛ ፎርም ቀርቶ የአማርኛውንም የምሞላው ሰው እያስነበብኩ ነው። ስለዚህ ወረቀታችንን የሞሉልን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ሃርልስደን የሚባለው የለንደን ሰፈራችን ቀድመውን የገቡ፣ ለአገር ሰው ሁሉ ፎርም የሚሞሉ አዛውንት ናቸው። «መቼ ተወለደ?» አሉኝ። የኅዳሩን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ነገርኳቸው። እሳቸውም ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ዓመቱ ላይ ስምንት ደመሩ። ለሁሉም ሰው ስምንት ነበር የሚደምሩት። ከጥር ወዲህ ለተወለደ ልክ ነው፤ በመስከረም፣ በጥቅምት፣ በኅዳር ለተወለደ ግን ሰባት ነው የሚደመረው። ልጄ እንዲህ ሆኖ በአንድ ብዕር አንድ ዓመት ዘግይቶ ተወለደ።

ያወቅሁት ትምህርት ቤት ሲያስገቡት ነው። ከእሱ ካነሱ ሕፃናት ጋር አስቀመጡት። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። «አይ የኔ ነገር!» ብለው ግንባራቸውን መቱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ተይው። አሁን እናስተካክል ብንል መጀመሪያውኑ ለምን ዋሻችሁ ይሉናል። ደግሞ በወረቀት ማነስ ምን ይጎዳዋል?» አሉኝ። ተውኩት። ፓስፖርት ሲወጣለትም ዝም አልኩ። ለልጄም አልነገርኩትም፤ መጀመሪያ ልጅ ምሥጢር አይቋጥርም ብዬ፣ ኋላ ደግሞ አፍሬ።

ቤዝቦል የሚሉትን ጨዋታ ከየት አመጣው አትበሉኝ። አሥር ዓመቱ ላይ መናፈሻ ውስጥ አሜሪካኖችና ጃፓኖች ሲጫወቱ አይቶ እዚያው ቀረ። ካቸር ነው። ካቸር ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን ኳስ በትልቅ ጓንት የሚይዝ ነው። ፊቱ ላይ የብረት መከለያ ያደርጋል፤ ሌላው ቆሞ ሲጫወት እሱ ሦስት ሰዓት ቁጢጥ እንዳለ ነው። ነገሩ ሁሉ ጉልበት የሆነው ለዚህ ነው። በዚህ ጨዋታ አሜሪካ ያለ ኮሌጅ በነፃ ወሰደው። ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ደወለልኝ።

«እማ፣ ለፈረንጆቹ ገና ስመጣ አንድ ሰው ቤት ይመጣል። መልማይ ነው።»

«የምን መልማይ? የወታደር?»

«ኖ እማ! የተጫዋች። ትልልቆቹ ቡድኖች በዓመት አንዴ ከየኮሌጁ ልጅ ተራ በተራ ይመርጣሉ። እኔን ይምረጡ አይምረጡ ብሎ የሚጽፈው እሱ ነው።»

«ታዲያ ቤታችን ምን ያደርጋል?»

«ፋሚሊ ማየት ይፈልጋሉ። ወረቀት ቼክ ያደርጋሉ። ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ሲሆን ዕድሜ ላይ በጣም ስትሪክት ናቸው። ሃያ አንድና ሃያ ሁለት ለነሱ ሰማይና ምድር ነው።»

ስልኩን እንደያዝኩ ዓመቱን በጣቴ እንደገና ቆጠርኩ።

በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ከሬዲዮ ጋር መጣላት ነበር ሥራቸው። እኔን ሲያዩ ድምፁን ቀነስ አደረጉት።

«ያ ዓመት መጣብን» አልኳቸው።

«የቱ ዓመት?»

«እርስዎ የደመሩት።»

ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው የኳስ ሰው ነው፤ ዳኛ አይደለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ከጠየቀሽ እንደ ወረቀቱ በይ።»

«ፓስፖርታችንን ቢቀሙንስ?»

«በኳስ? ሂጂ እባክሽ፣ ልጅሽ ሊያልፍለት ነው አንቺ ሙሾ ታወርጃለሽ።»

ያ ቀን ደረሰ። ጠዋት መልማዩ መናፈሻው ውስጥ ሲፈትነው እኔም ሄድኩ፤ ልጄ አትምጪ ቢለኝም። ሣሩ ርጥብ ነበር። ኳስ የሚወረውርለት የድሮ አሠልጣኙ፣ ደግ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው። መልማዩ ስልሳ ዓመት የሚሆነው አሜሪካዊ፣ እጁ ላይ የሩጫ ሰዓት ይዟል። ልጄ ኳሱን ይዞ ተነስቶ ወዲያ ማዶ ሲወረውር ሰዓቱን ቀጭ ያደርጋል፣ ቁጥሩን አይቶ ይጽፋል፣ «አጌይን» ይላል። አንድም ጊዜ ጎበዝ አላለውም። የልጄን ፊት አንድም ጊዜ አላየውም። ዓይኑ ጭኑ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ጓንቱን አስወልቆ እጁን ዘርግቶ ከጣት እስከ ጣት ለካው።

ከዚያ ቤት መጡ። ሳምቡሳ ሠርቼ፣ ሻይ አፍልቼ ነበር። ሰውዬው ከጉልበቱ ነገር በኋላ ባዶ ኩባያ ለመነኝ። ውኃ ሊጠጣ መስሎኝ የምወደውን ነጩን ኩባያ ሰጠሁት። ለካ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ትምባሆ ወትፏል። ኩባያዬን ወደ አፉ አስጠግቶ ጥቁር ቡናማ ምራቅ እንትፍ አለበት፤ ከሳምቡሳው አጠገብም አስቀመጠው።

ልጄን አየሁት። «እማ፣ ኖርማል ነው፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ» አለኝ በጆሮዬ።

እኔ ካምደን ያለ ሆስፒታል ነው የማጸዳው። ደሙንም፣ ትውከቱንም፣ ሽንቱንም የታመመ ሰው ነው ብዬ ጠርጌ አልፋለሁ። የዚህ ጤነኛ ሰው ምራቅ ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ቀጠለ። አባቱ በምን ሞተ አለ። ኩላሊት አልኩ፤ ጻፈ። ቁመቱ ስንት ነበር አለ፤ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ አሳየሁት፤ ጻፈ። ከዚያ ለልጄ አንድ ነገር አለው፤ ልጄ ጆሮው ቀላ።

«እማ፣ አንዴ ቆም ብትዪ . . .»

«ለምን?»

«ልጅ ሰውነቱ ወደ እናቱ ይሄዳል ብለው ነው። ወደፊት ልወፍር እንደምችል ለማየት።»

«ዳሌዬን ሊያይ ነው?»

«እማ ፕሊስ። አምስት ሰከንድ ነው።»

ምን ልበላችሁ። ቆምኩ። ልጄ ሊያልፍለት ነው ብዬ፣ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ተነስቼ ቆምኩለት። እሱም ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ አንገቱን ነቀነቀና ጻፈ። ከምራቁም ከመነካካቱም ይበልጥ ዛሬ የሚያንገፈግፈኝ ይሄ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።

እንደተቀመጥኩ ሰውዬው ልጄ የሰጠውን ፓስፖርት አወጣ። ብልጥ ሰው ነው፤ መቼ ተወለደ ብሎ አልጠየቀም። ለልጄ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ልጄም ወደ እኔ ዞረ።

«ለንደን ስንገባ ስንት ዓመቴ ነበር?» አለኝ።

ለሰውዬው የምሰጠውን መልስ ሳምንት ሙሉ ስለማመድ ነበር፤ እንደ ወረቀቱ ሦስት ልለው። ጥያቄው ግን በልጄ አፍ፣ በአማርኛ መጣ። ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ። እሱን መዋሸት አልተለማመድኩም ነበር።

«አራት» አልኩት።

«ሦስት ማለትሽ ነው።»

«አራት ነበርክ ልጄ። ጋሼ ፎርሙን ሲሞሉ ተሳስተው ነው፤ ሰባት መደመር ሲገባቸው ስምንት ደመሩ። ወረቀቱ አንድ ዓመት አጉድሎብሃል። ሳልነግርህ ቀረሁ።»

አንዴ ብቻ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሌላ ምንም አልታየበትም። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሮ፣ ጥርሱን እያሳየ፣ በእንግሊዝኛ «ሦስት ዓመቴ ነበር ትላለች። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጫፍ ጫፍ እየሮጥኩ ሰው ሁሉ አስቸገርኩ ትላለች» አለው።

ሰውዬው ሳቀ። ልጄም ሳቀ።

ይህን ያህል እንግሊዝኛ ይገባኛል። ልጄ ያኔ አልሮጠም። መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ እንደተኛ ነው ለንደን የገባው። ያ የሚሮጥ ሕፃን ከየት መጣ? እንዴት እንዲህ ቶሎ ፈጠረው? ሳቁ የሰውዬውን ሳቅ መሰለኝ።

«ፎር» አልኩ። ድምፄ ከሌላ ሰው የወጣ መሰለኝ። «ሂ ዋዝ ፎር። ፔፐር ሮንግ።»

«እማ!»

«ፔፐር ሮንግ» አልኩ ደግሜ።

ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጄን አየና «ሃያ ሁለት?» አለው። የጻፈው ላይ መስመር ሰርዞ በላዩ ጻፈ። አንድ ዓመት ለካቸር ብዙ ጉልበት ነው አለ፣ እንደ ማዘን ብሎ። ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ሲወጣ የልጄን ትከሻ መታ መታ አደረገው፤ ነጋዴ ሳይገዛው የሚያልፈውን በሬ እንደሚያደርገው። አንድ ሳምቡሳ በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና እኔን «ታንክ ዩ ማም» ብሎኝ ሄደ።

ኩባያውን እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ልጄ ከኋላዬ ቆሟል።

«አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ብለሽ ዛሬ?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እውነት ከሆነ ለእኔ ትናንት አትነግሪኝም? ባለፈው ዓመት አትነግሪኝም? እሱ ፊት ነው የምትነግሪኝ?»

«አንተስ! እየሳቅህ ስትዋሽ አላፈርክም?»

«ላንቺ ብዬ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ፖስታ በመጣ ቁጥር እጅሽ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይቺ ወረቀት ስህተት አለባት ብል ምን እንደምትሆኚ አላውቅም? ያንቺን ስህተት ነው የሸፈንኩት።»

ልጄ ወደ አሜሪካ እስኪመለስ ድረስ አሠልጣኙ ቤት አደረ። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ «አይ አንቺ! ወረቀት ስትፈሪ ኖረሽ ሰው ፊት ደፈርሽ?» አሉኝ፤ ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔ ለወራት ፖስታ በበሩ በወደቀ ቁጥር ይዤው ጋሼ ዘንድ እሮጥ ነበር። የኢሚግሬሽን ሰው አልመጣም። ስለ እኛ ዓመት የጠየቀ ማንም የለም።

ሰው ሲጠይቀኝ እውነት ስለሆነ ተናገርኩ እላለሁ። ውሸቴን ነው። እውነት ቢሆን ያሳሰበኝ ያኔ ገና ሳውቅ እናገር ነበር። ያ ሰውዬ እጁን ከልጄ ላይ እንዲያነሳ ነው የተናገርኩት። ልጄ ራሱ የሰውዬውን እጅ ፈልጎት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ቡድኖቹ የሚመርጡበት ቀን ሐምሌ ሲገባ ሆነ። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጤና ይስጥልኝ በላይ አያወራኝም ነበር። ሆስፒታሉ ዕቃ ቤት ውስጥ መጥረጊያ ሳጥብ ደወለ።

«እማ፣ አለቀ። ስሜን አልጠሩም።»

ባልዲው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ልጄ እዚያ ማዶ ድምፁ እየተሰበረ፣ እኔ እዚህ በመዳፌ አፌን ይዣለሁ፤ ደስታዬ እንዳይሰማው። በሕይወቴ ራሴን እንደዚያን ቀን ተጸይፌው አላውቅም።

«እማ? እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁህ ነው።»

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ . . .»

«ጉንፋን ነው» አልኩት።

«አይዞሽ፣ ትኩስ ነገር ጠጪ» አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ ያለኝ የመጀመሪያ ደግ ቃል ነው፤ ተቀበልኩት።