ሸንጎው ቤታችንን ሊያይ የመጣ ቀን

የቤቶች ኮሚቴ ሲባል ስሰማ ዛሬም ያንገሸግሸኛል። «ኧረ ቂም አትያዢ» የሚሉኝ አሉ። ቂም አልያዝኩም፤ ይቀፈኛል። ቂምማ ስንት ሰው ላይ ይዤ ትቼዋለሁ፤ ይኸኛው ግን አልለቅ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ላሊበላ የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ነበር። ቀድሞ የአንዲት ነጋዴ ሴት ነበር፤ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመርን። ክብ የድንጋይ ቤት ነው፣ ሳር ክዳን። ሴትዮዋ ሳሩ ሳሳ ሲል ታስቀይረው ነበር። ቀበሌው ከተረከበው ወዲህ አንዲት ዘለላ እንኳ አልጨመረበትም። ክረምት ሲገባ ውሃው በበሰበሰው ክዳን ሰርጎ በግድግዳው ይወርድና አባቴ የሚተኛበት መደብ ላይ ይጠራቀማል። አባቴ ደግሞ ደረቱን የሚያመው ሰው ነው። እኔ ያን ጊዜ ባሌን ፈትቼ እናትና አባቴ ዘንድ ተመልሼ ነበርና ያንን ሳል ስሰማ የገዛ ደረቴ የሚቀደድ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙም ሌላ አንድ ክረምት እንዲህ ውሃ ላይ ከተኛ አይተርፍም ብሎናል።

ታዲያ ለምን ራሳችሁ አትከድኑትም ትሉ ይሆናል። ሙጃ በሚባለው አገር ያሉ ዘመዶቻችን ሳሩን ጭነው ሊመጡ ተዘጋጅተው ነበር እኮ! ግን የመንግሥት ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም። ፈቃድ የሚሰጠው የቤቶች ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ «እኛው እናድሰዋለን» ይላል። አያድስም፣ አያሳድስም።

በመጨረሻ እናቴ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አመለከተች። ዳኞቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ቤታችንን ያውቁታል። ክዳኑ እስኪቀየር ድረስ ኪራዩ በግማሽ ይቀነስ ብለው ፈረዱልን። እልል አልን። ደስ ያለን ኪራይ ስለቀነሰልን ብቻ አይምሰላችሁ። ገቢው ሲጎድልበት ኮሚቴው ሳይወድ በግዱ ከክረምቱ በፊት ይከድነዋል ብለን ነው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ይግባኝ አለ። ለእኛ ከተቀነሰ ነገ ከተማው ሁሉ ቤቴ ያፈሳል እያለ ይመጣብኛል አለ። ይኸ ሰው እናቴ ቆሎ እያፈሰች ሰጥታ ያሳደገችው የጎረቤት ልጅ ነው። ያን ጊዜ ግን «ጓዲት» ይላታል። ጓዲት ገደል ትግባ!

ይግባኝ ሰሚው ሸንጎ ቤቱን በዓይናችን አይተን እንወስናለን አለ። የሚመጡበት ቀን ተነገረን፤ ግንቦት ነበር፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

እናቴ እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ ተነሳች። እበት ዛቀች፣ ጭድ አቦካች፣ ሻጋታውን፣ የውሃውን መውረጃ፣ ስንጥቁን፣ አንድ ሳታስቀር ለቀለቀችው። በላዩ ነጭ አፈር ቀባችበት። ከጎረቤት አዲስ አቡጀዲ ተውሳ የበሰበሰው ክዳን ሥር ወጠረች።

«ተይ እንጂ እማዬ! ሊያዩት የሚመጡት እሱን አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«አፈር ብዪ! የሰው ዓይን የሻገተ ግድግዳ ላይ ላሳርፍ? ነገ ምን እየተባልኩ ልኖር ነው?» አለችኝ።

ብነግራት፣ ብለምናት፣ ብጮህባት ወይ ፍንክች። የሷ ሐሳብ ችግሩን በቃል ትነግራቸዋለች፣ እነሱም ያምኗታል። ሰው በእንግድነት ቤቷ ገብቶ እንዴት አያምናትም?

ዳኞቹ ሊቀመንበሩን አስከትለው መጡ። «ኖር! ኖር! ግቡ፣ ግቡ» ብላ ተቀበለቻቸው። ጠላው ቀረበ፣ ዶሮው ቀረበ፤ ያችው አንዲት ዶሯችን። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያለች አጎረሰቻቸው። አፋቸው ሞልቶ ማን ስለ ክዳን ይናገራል? አባቴ ነጭ ጋቢ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። ሰው እየበላ አይሳልም ብሎ ጋቢውን አፉ ውስጥ ወትፎ ሳሉን ይውጣል። ፊቱ ጠቁሮ አየሁት።

አንደኛው ዳኛ አፉን ጠርጎ «አባት፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አባቴ።

ምን ይበል? ሞቶ እንኳ የጠየቀው ቢኖር ደህና ነኝ የሚል ሰው ነው። እኔ ከጓዳ ወጥቼ «ውሸቱን ነው! ክረምት ውሃ ላይ ነው የሚተኛው!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ። ሊቀመንበሩ ሳቀና ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «የቱ ነው ውሃው? የኔ ቤት እንኳ እንዲህ አያምርም» አለ። ክረምት ክረምት ከቤት ውሃ እየጨለፍን ስንደፋ በደጃችን ሲያልፍ የሚያይ ሰው ነው። እያወቀ ነው። የኛን ዶሮ አጥንት እየጋጠ!

ውሳኔው አዳራሽ ውስጥ ተነበበ። ቤቱ በመልካም ይዞታ ላይ ይገኛል፣ ነዋሪው ራሳቸው ደህና ነኝ ብለዋል፣ ስለዚህ የኪራይ ቅነሳው ተሽሯል። በማግስቱ ሳሩን ራሳችን እንክደነው ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ ኮሚቴው ቢሮ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ደህና ነው የተባለ ቤት ምኑ ይታደሳል?» አለኝ። ትፍ! እዚያው ደጃፉ ላይ ተፋሁለት።

አባቴ በነሐሴ ሞተ።

ዝናቡ ድንኳን አላስተክል ስላለ ለቅሶው የተቀመጠው ቤት ውስጥ ነበር። ልቅላቂው ተልጦ ወድቋል፣ አቡጀዲው ለባለቤቷ ተመልሷል። ሊቀመንበሩ መጣ። አዎ፣ መጣ! የአባቴ መደብ ላይ ተቀመጠና ንፍሮ በእፍኙ ተቀበለ። ብዙ ሳይቆይ ከጣራው ጠብ አለና ማጅራቱ ላይ አረፈ። በእጁ ጠረገው። ደግሞ ጠብ ሲል ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠና «እግዜር ያጥናችሁ» አለ።

ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ እናቴ ብድግ አለች። «ተነስ! ውጣ ከቤቴ!» አለችው።

ለቀስተኛው ደነገጠ። ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው እያሉ ሊያስቀምጧት ያዟት። ሊቀመንበሩ ንፍሮውን እንደጨበጠ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ ሳይቆጣ፣ እንደሚያስረዳ ሰው «ቤቱ እኮ የመንግሥት ነው» አለ።

የነሐሴን ኪራይ ሙሉውን ከፈልን።