ዳማ ጆሮውን ያዞረበት ጉብታ

ጉብታው ስም አልነበረውም፤ እኛ «ባለዋርካው» እንለው ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትእዛዝ ደረሰን፤ ሳይመሽ ጫፉ ላይ ላሉት ውሃና ጥይት አድርሱ የሚል። እዚያ ስምንት ሰዎች ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም።

አምስት ሰዎችና አንድ የጭነት ፈረስ ነበርን። ፈረሱን በመልኩ ዳማ አልነው። ልጓሙን ይዞ የሚስበው ቶሎሳ የሞጆ ጋሪ ነጂ ነበር። እኔም ከመዝመቴ በፊት አዳማ ላይ ጋሪ ነድቻለሁ፤ የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ።

መሐንዲሶች ከፈንጂ የጸዳውን መንገድ ግራና ቀኙን በቀይ ጨርቅ ምልክት አድርገውበታል። ፈረሱ በጨርቁ እንዳይደነብር ሰጋሁ። ከተማ ውስጥ በከባድ መኪና መሃል ስንነዳ እንደምናደርገው፣ ዐይኑን ከጎን የሚጋርደውን ቆዳ እንዲያስርለት ቶሎሳን አዘዝኩ።

«አለቃ፣ ፈረስ እኮ ቀይና አረንጓዴ አይለይም» አለ ቶሎሳ። «ለሱ ጨርቁም ሳሩም አንድ ነው። ሰማያዊ ቢሆን ያየው ነበር።»

«እሱ ነው የነገረህ?» አለ መትረየስ የያዘው በቀለ። ሳቅን።

«አዎ፣ የሞጆ ፈረስ ለናዝሬት ሰው ብቻ ነው የማያወራው» አለ ቶሎሳ ወደ እኔ እያየ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምሬን ነው። ሞጆ ላይ መኪናውን እኔ አይለታለሁ። እዚህ እሱ ነው የሚያይልን። ከጭራው ስር በቀር ዙሪያውን ያያል።»

«እሰር» አልኩት። አሰረ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ግማሽ መንገድ እንደደረስን፣ ዳማ ቆመ። ግራ ጆሮው ከመንገዱ በስተግራ ወዳለ ቁጥቋጦ ዞረና እዚያው ቀረ። እኛ ምንም አልሰማንም። አንገቱን ለማዞር ታገለ።

«የሰማውን ማየት ፈልጓል። ልፍታለት?» አለ ቶሎሳ።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንቱ ሰዎች ትዝ አሉኝ። «ወደፊት» አልኩና ልጓሙን ራሴ ጎተትኩ። ሦስት እርምጃ ሄድን።

ተኩሱ ከግራ መጣ። ተኛን። ተኩስ መለስን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጸጥ አለ።

የተረፍነው ሦስታችን ሁለት ጀሪካን በትከሻ አደረስን። ስምንቱም ጠጡ።

ስንመለስ የሞቱትን ቆጠርን። በቀለ፣ ቶሎሳ፣ ዳማ። ቶሎሳ የወደቀው ከዐይን መጋረጃው ቆዳ ሁለት ማሰሪያ አንዱን ፈትቶ ነው።

ዛሬ አዳማ ላይ ጋሪ ሲያልፍ ቀድሜ የማየው የፈረሱን ጆሮ ነው። በዚያን ቀን ሪፖርት ሁለት ሰው ጻፍኩ፤ ፈረሱ ከጠፋ ንብረት ጋር ተመዘገበ። ፈረሱ መቆሙን አልጻፍኩም። ቶሎሳ ልፍታለት ብሎ መጠየቁንም አልጻፍኩም። ይኸው አሁን ጻፍኩት።