ከመዲና ጋር የተካፈልነው ክኒን

ወደ ኖርዌይ የተመለስኩበት ጠዋት፣ ኤረር በር አካባቢ ባለው ግቢ መዲና የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። ብዙ ዓመት ጎረቤቴ ነበረች። ምራቷ ሕፃኑን አዝላ ከኋላዋ ነች። ልጇ ጀማል ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ ይጭናል። እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ በዚያ ፀሐይ ወፍራም ካፖርት ለብሼ።

መጀመሪያ ከሐረር የወጣሁት ተርቤ አይደለም። የሟች ባለቤቴ ጡረታ ለግፊት መድኃኒቴ አልበቃ ሲል፣ ልጄ ሰላም ቤርገን ወደሚባል የኖርዌይ ከተማ ወሰደችኝ። እዚያ መድኃኒት አይጎድልም፤ ዝናብም አይጎድልም። ሰላም ሳይነጋ ወጥታ ደክማ ትገባለች። ምሳዬን ማይክሮዌቭ ውስጥ አሙቄ ብቻዬን እቀምሳለሁ። አንድ ቀን ፋስትለገ የሚሉት የቤተሰብ ሐኪም፣

«በሳምንት ስንት ሰው ያነጋግራሉ?» አለኝ።

«ከቴሌቪዥኑ ጋር ወይስ ያለ እሱ?»

ሰላም ሳትስቅ ተረጎመችለት። እሱም ሳይስቅ ጻፈውና የግፊቱን ክኒን ጨመረልኝ።

ዘንድሮ የሦስት ወር መድኃኒት ይዤ ለጥየቃ መጣሁ፤ መዲና ዘንድ አረፍኩ። ጠዋት ጠዋት ፉል ከአንድ ሰሃን እንበላለን። እንቅልፌ ተመለሰ። እሷ ግን የግፊት መድኃኒቷን ካቆመች ከርማለች። ጀማል ሊገዛላት ሲል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፤ ለልጆችህ አድርገው» ትለዋለች። እያየችኝ ብቻዬን መዋጥ አቃተኝ። ሕመማችን አንድ ነው ብለን ክኒኑን በቢላ ለሁለት መክፈል ጀመርን።

አንድ ጠዋት ዞሮብኝ ወደቅኩ። ጤና ጣቢያ ነርሷ የሁለታችንንም ግፊት ለክታ፣ ክኒኑን መካፈላችንን ስትሰማ ተቆጣች።

«እማማ፣ መድኃኒት እኮ ጉርሻ አይደለም! ለእርስዎ ግማሹ አነሰ፤ ለእሳቸው ደግሞ ይሄ ዓይነቱ ጭራሽ አይስማማም!»

«ወላሂ፣ ስንውጠው ግን ደስ ይል ነበር» አለች መዲና።

ነርሷ ለመዲና የሚስማማትን አዘዘችላት፤ ጀማል ገዛ። የእኔ ዓይነት ግን ፈረስ መጋላ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አልተገኘም። ማታ ሰላም ደወለች።

«እማዬ፣ ስንት ክኒን ቀረሽ?»

«ጥቂት።»

«በቃ፣ ነይ።»

«እዚህ ይሻለኛል።»

«ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«መዲና።»

«እሷስ ብትወድቅ?»

የቀሩትን ክኒኖች ቆጥሬ ሻንጣዬን አወጣሁ።

በመመለሻዬ ጠዋት ጀማል ሻንጣውን ጭኖ ሲጨርስ፣ «እማማ፣ እንዳይረፍድብዎት» አለ።

«መቼ ትመጫለሽ?» አለች መዲና።

«እንጃ።»

«ኢንሻአላህ በይ እንጂ!»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ሄድን።