የባሕሩ ፊልም የቀረ ጊዜ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብሎ የተረተው ሰው አዴ ዐፋፍን አያውቃቸውም። አዴ ዐፋፍ ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ ባላቸውንም እዚያው ቀብረው የኖሩ ሴት ናቸው። ድሬዳዋን እንኳ የረገጡት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ልጃቸውን ባቡር ላይ ሲሸኙ። ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይናቸው አላዩም። ግን ከባሕር አስበልጠው የሚያስቡት ነገር አልነበራቸውም፤ አንድ ልጃቸው ዐብዱልቃዲር እዚያ ውስጥ ነበርና።

ዐብዱልቃዲር ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ሁለት ረመዳን ያህል በሰው በሰው ሰላምታና ሽቶ ሲልክ ቆየ። ከዚያ ዓብዱላሂ የሚባል የሥራ ጓደኛው የልጁን ሻንጣ ተሸክሞ ፈላና በር አጠገብ ያለው ቤታቸው መጣ። መርከቧ ከኤደን እንደ ወጣች ማዕበል ዐብዱልቃዲርን ከላይዋ ጠርጎ እንደ ወሰደው፣ ዞረው ፈልገው እንዳጡት ነገራቸው። እዚህ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። ነገር ግን የእናትየውን ፊት ሲያይ አንጀቱ አልችል አለና፣ «ለነገሩ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ሌላ መርከብ አንስቶት ይሆናል» ብሎ ጨመረ። ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው ያቺ «ይሆናል» ናት። ደግ ሰው እንዲህ ነው፤ ቁስሉን እንዳይደርቅ አድርጎ ይሸፍንልህና መንገዱን ይሄዳል።

በሐረር ማንም ብቻውን አያለቅስም። እያንዳንዷ ሴት አፎቻ አላት፤ ሠርግም ለቅሶም ሲመጣ አብረው የሚቀመጡ የሰፈር ሴቶች ማኅበር ነው። የአዴ ዐፋፍ አፎቻም ወሬውን ሰምቶ ምንጣፉን ይዞ መጣ። አዴ ዐፋፍ በሩ ላይ ቆመው መለሷቸው።

«ያልታጠበ፣ ያልተከፈነ፣ አፈር ያልቀመሰ ልጅ አይለቀስም» አሉ። «ቁርጡ ሲታወቅ እጠራችኋለሁ።»

የባላቸው ወንድም አው ዐብዱልመጂድ፣ «ዐፋፍ፣ ውሃ የወሰደው ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት። ሬሳው በሌለበት ይሰገድበታል፤ ተይ ይሰገድበት» ብለው ለመኑ። አልሆነም። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ተመለሰ። አፎቻን ከደጅ መመለስ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሴቶቹ ተቀየሙ። ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ነሲማ ብቻ አብራቸው ቀረች። ነሲማ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ወርቅ የሆነች ወጣት ባለትዳር ነበረች።

አዴ ዐፋፍ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እጃቸው ወስፌና አክርማ ከያዘ ጀምሮ የሠሩት ሙዳይና መሶብ በየሙሽራው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀን ቀን ስፌቱ ይይዛቸዋል። ሲተኙ ግን ልጃቸው ይመጣል። የጁገል ሴት ጥልቅ ውሃ ሲባል የምታውቀው ጉድጓድ ነውና፣ ዐብዱልቃዲርም የሚታያቸው ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ ጨለማ፣ ብርድ፣ ዙሪያው የረጠበ ድንጋይ። እንዲህ ሆኖ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ዓመታት እንዲሁ አለፉ፤ ሰውነታቸው አለቀ።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የመንግሥት የፊልም ቢሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ለሕዝብ በነጻ ፊልም ማሳየት ጀመረ። መጀመሪያ አጠር ያለች የአራዊት ፊልም ትመጣለች፤ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ወፍ። ቀጥሎ ዜናው፤ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣንና የሚያጨበጭብ ሕዝብ። ዕድል ከቀናም መጨረሻ ላይ የሕንድ ፊልም። ሰው ሁሉ የሚወጣው ለሕንዱ ነው። ነሲማም ለሕንዱ ብላ ነው አዴ ዐፋፍን «አየር ያግኙ» በሚል ሰበብ ጎትታ ያወጣቻቸው። ከተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ፣ ሴቶቹ መሐል ተቀመጡ።

የዚያን ቀን አንበሳ አልመጣም። ባሕር መጣ። ከላይ ሳይሆን ከውስጥ፤ ውሃው ሥር ገብተው ያነሡት። አዴ ዐፋፍ ሻሻቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ። የባሕሩ ወለል ብርሃን ነበረው! ፀሐይ እስከ ታች ትገባለች። ሣሩ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፤ በመሐሉ ቀለም የተነከሩ የሚመስሉ ዓሦች በሰልፍ ያልፋሉ። ጉድጓድ አይደለም። ድንጋዩ እንኳ አበባ አብቅሏል።

ያን ሌሊት ተኙ። የንጋቱ የሱብሒ ሰላት አለፋቸው፤ ነሲማ ሞተው እንዳይሆን ብላ በር ደበደበች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ቢሮው የነበረው የፊልም ጥቅል ጥቂት ስለሆነ ባሕሩ ዞሮ ዞሮ ይመጣል። ሲመጣ ሳምንቱን ሙሉ ይተኛሉ፤ ሳይመጣ ሲቀር የሚቀጥለውን ቅዳሜ እየጠበቁ ይሰነብታሉ። ልጄን አየሁ ብለው አያውቁም፤ አላበዱም። ያለበትን ቦታ ማየት ነበር የፈለጉት፤ እናት ልጇ ተከራይቶ የሚኖርበትን ቤት ማየት እንደምትፈልገው። የፊልሙን መኪና የሚያዞረው ዓለሙ የሚባል የቢሮው ሠራተኛ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠጋ አሉት።

«ዓለሙ ልጄ፣ ሣሩ የሚወዛወዝበት ጋ ስትደርስ ትንሽ አቁምልኝ።»

«አዴ፣ ቢቻል ደስ ባለኝ። ካቆምኩት አምፖሉ ያቃጥለዋል።»

«እንግዲያው አታቁመው፤ ይሂድ» አሉ በድንጋጤ።

አንድ ቅዳሜ የአራዊቱ ፊልም ቀረ። ጨርቁ ላይ በቀጥታ ባለሥልጣኑ መቀሱን ይዞ ብቅ አለ። ሕዝቡ አፏጨ። «ዝሆኑን ምን በላው?» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ፈረስ መጋላ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱም ቀረ። ዓለሙ ሲጠየቅ፣ «የበላይ ትእዛዝ ነው፤ ሰዓቱ ለዜና ተፈልጎ ተቀነሰ» አለ። የሐረር ሰው ክርክር ካገኘ ምሳ አይፈልግም፤ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሕፃናት በአንበሳው ይባንኑ ነበር፣ እሰይ ያሉ አሉ። አራዊትም የአላህ ተአምር ነው፣ ለምን ይቆረጣል ያሉ አሉ። ከሶፊ ገጠር ጫት ይዞ የሚመጣው ሳኒ ደግሞ፣ «እኔ ጦጣና ከርከሮ ማሳዬን ሲፈጁት ነው የምከርመው፤ ከተማ ገብቼ ደግሞ ጨርቅ ላይ ልያቸው?» እያለ ያስቅ ነበር። ክርክሩ ጥቂት ሰነበተና ሰለቸ። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ? ፉጨቱም ቀረ፤ ዝሆኑም ተረሳ።

አዴ ዐፋፍ ግን ጉድጓዱ ተመልሶባቸው ነበር። እንደገና ጨለማ፣ እንደገና የረጠበ ድንጋይ። ስፌታቸው ይጣመም ጀመር፤ የሠሩትን ይፈታሉ፣ የፈቱትን ይሠራሉ። በመጨረሻ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው አው ዐብዱልመጂድ ዘንድ ሄዱ።

«ለራሴ ብዬ ደጅህን ረግጬ አላውቅም» አሉ። «ቢሮ ሂድልኝ። አንበሳውን ይተዉት፤ ዝሆኑንም ይተዉት። ባሕሩን ብቻ ይመልሱልኝ።»

አው ዐብዱልመጂድ ምክንያቱን አልጠየቁም፤ ገብቷቸዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው፣ ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው ተነሡ። ሳኒ ነገሩን ሳያውቅ፣ «ቢሮ አቤት ማለት? ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» ብሎ ሳቀ። ነሲማ ዓይኗን አፈጠጠችበት። አዴ ዐፋፍ አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ሰምተዋል።

እንግዲህ የሐረር ሽማግሌ ጉዳይ ሲኖረው ጉዳዩን አያስቀድምም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ዱዓ ያደርጋል። የሚያነጋግረውን ሰው ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ሥራውን፣ አገሩን ይመርቃል። የተመረቀው ሰው «አሚን» ካለ በኋላ፣ «አባቶቼ፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል። ጉዳይ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ማንም አላስተማራቸውም፤ ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነገር ነው።

የቢሮው ኃላፊ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራቫቱ የጠበቀ ሰው ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘረጉ። አው ዐብዱልመጂድ ቢሮውን መረቁ፤ ለሕዝቡ ፊልም ማሳየቱን አመሰገኑ፤ እጁን አላህ እንዲያሰፋለት፣ ያሰበው እንዲሳካለት ለመኑ። ኃላፊው ብድግ ብሎ «አሜን፣ አሜን» አለ። ደስ አለው። ከዚያ «ምን ልታዘዝ?» የሚለውን ሲጠብቁ እጃቸውን ጨበጠ።

«ሕዝቡ ያደረግነውን ለውጥ ተረድቶ ሽማግሌ ልኮ መመረቁ ትልቅ ነገር ነው» አለ። «አይዟችሁ፤ በዚሁ እንቀጥላለን።»

ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ወጡ። ደጅ ላይ አንደኛው፣ «ጉዳዩን እኮ አልነገርነውም» አለ። አው ዐብዱልመጂድም፣ «የተመረቀ ሰው ልብ ይረዳል፤ አይዟችሁ ብሎን የለ?» አሉ። እውነት መስሏቸው ነው። ሄደውም ለአዴ ዐፋፍ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አልቋል» ብለው አበሠሩ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዴ ዐፋፍ ታጥበው፣ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ገና ጨርቁ ሳይወጠር ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ነሲማ አጠገባቸው ሆና ትስቃለች። ሕዝቡ ሞላ። ኃላፊው ራሱ መጥቶ ነበርና ድምፅ ማጉያውን ያዘ።

«የተከበራችሁ የከተማው ነዋሪዎች! የአራዊት ፊልሙን በመቀነሳችን ሽማግሌዎቻችሁ ቢሯችን ድረስ መጥተው መርቀውናል። በዚህም መሠረት ፊልሙ ከዛሬ ጀምሮ ለዘለቄታው ቀርቷል። በምትኩ የልማት ዜናው ይረዝማል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። የሚያጨበጭብ ሕዝብ ሁልጊዜ ይገኛል። አው ዐብዱልመጂድ ወንዶቹ መሐል ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። በገዛ ምርቃታቸው የወንድማቸውን ሚስት ቀበሩ።

አዴ ዐፋፍ ተነሥተው፣ በሰው መሐል አልፈው ዓለሙ ዘንድ ሄዱ።

«ጥቅሉ አለ? የባሕሩ?»

«የለም አዴ። ከሌሎቹ ጋር ታሽጎ አዲስ አበባ ተመልሷል።»

«አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል?»

ዓለሙ ከመኪናው ላይ እጁን አነሣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ መዋሸት አልሆነለትም።

«አይመጣም፣ አዴ። ቁርጡን ልንገርዎት፤ አይመጣም።»

አዴ ዐፋፍ ቆመው አዩት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን ቃል የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሁሉም «ኢንሻአላህ» ነበር የሚላቸው፤ ሁሉም «አላህ ያውቃል»፣ ሁሉም «ይሆናል»። ትከሻውን ዳበስ አድርገውት ሄዱ። ከኋላቸው ባለሥልጣኑ ሪባኑን ይቆርጥ ነበር።

በማግሥቱ ጧት የነሲማን ግድግዳ አንኳኩ።

«አፎቻውን ጥሪልኝ» አሉ።

«ምነው አዴ? ማን ሞተ?»

«ዐብዱልቃዲር።»

ሴቶቹ መጡ። ያን ጊዜ ተጠቅልሎ የተመለሰው ምንጣፍ ተዘረጋ። ቂም የያዙት ሁሉ ቂማቸውን ደጅ ትተው ገቡ፤ ይህን ማለት ይገባል። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» እያሉ ተቀመጡ። ወንዶቹ መስጊድ ውስጥ በሌለበት ሰገዱበት። ያሰገዱት አው ዐብዱልመጂድ ነበሩ። አዴ ዐፋፍም አለቀሱ፤ ዓመታት የታሰረው እንባ ወጣ። ሰው እንባ ከወጣ ይቀልላል ይላል። አልቀለላቸውም።

ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት አሮጊት የልጁን መቃብር ባለማየታቸው አዘነችላቸውና፣ «የት እንዳረፈ እንኳ ሳታውቂ!» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ አዴ ዐፋፍ ቀና ብለው። «አይቼዋለሁ። ብርሃን አለው። ሣር አለው፤ ሣሩ ወዲህና ወዲያ ይላል። ዓሦች ያልፋሉ፤ ቀለማቸው...»

አቆሙ። ሴቶቹ ጠበቁ። አዴ ዐፋፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨለማ ነው የሚታያቸው። የረጠበ ድንጋይ።

«ነሲማ» አሉ፣ እጇን ጨብጠው። «አንቺ ሁልጊዜ አጠገቤ ነበርሽ። ዓሦቹ ምን ዓይነት ነበሩ? ቀለማቸውን ንገሪኝ።»

የነሲማ ዓይን እንባ አቀረረ። 

«እኔ እኮ አዴ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ባሕሩ በመጣ ቁጥር የማየው እርስዎን ነበር። ፊልሙን አንድም ቀን አላየሁትም።»

አዴ ዐፋፍ እጇን ለቀቁትና ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።