ለእርቅ የተገዛው ስዊች

የሟቹ የበኩር ልጅ በኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ ፊቱን እንዳዞረ ደርቆ ቀረ። ጓዳዬን ሞልተው የተቀመጡት ዘመዶቹ ትንሽ ጠበቁት፤ አልተመለሰም። አጎቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና «አያችሁ? ፊቱን አዞረ። መልሱ ይኸው ነው» አሉ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወጡ። «ኧረ ቁሙ፣ የመስመር ችግር ነው!» እያልኩ እስከ በር ተከተልኳቸው፤ የሰማኝ የለም። የገዳዩ እህት እኔ ነኝ፤ ማን ያምነኛል?

ገዳይ የምለው አገሩ ሌላ ቃል ስለማያውቅለት ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ንፋስ መውጫ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለውና ሸምተው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ገጨ። ሽማግሌው አልተረፉም። ፍርድ ቤት የራሱን ፈረደ፤ ወንድሜም የተፈረደበትን ጨርሶ ወጣ። ሕግ ቢለቀው ግን ደም አልለቀቀውም። ሳይታረቅ ከተማው ውስጥ ቢታይ ምን ሊመጣ እንደሚችል ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ስማዳ አክስታችን ዘንድ ተቀምጦ የሰው መሬት ያርሳል። እናታችን አልጋ ላይ ናት። በር በተንኳኳ ቁጥር «መጣ?» ትላለች። ሳታየው እንዳትሞት ነበር የእኔ ፍርሃት፣ ሌላ ምንም አልነበረኝም።

በደብሩ መሪጌታ የሚመሩት ሽማግሌዎች ተመላልሰው ተመላልሰው የሟቹን ቤተሰብ አለሳልሰውት ነበር። የቀረው አንድ ሰው ነው። የበኩር ልጁ የሚሠራው ጅዳ ነው። ቤተሰቡም «እሱ ፊቱን እያየነው፣ በአንደበቱ ይቅር ካላለ እኛ አንልም» አለ። የስልክ ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ምስል የሚያሳይ የገመድ መስመር ያለው ቤት ጥቂት ነው። መሪጌታው ሊያስገቧቸው የቻሉት የእኔ ሱቅ ብቻ ሆነ፤ ጽሑፍ የምተይብበት፣ ፎቶ ኮፒ የማነሣበት፣ ለሰው ፍላሽ ላይ ፊልም የምጭንበት ሱቅ። በእኔ ደጅ መግባት ለእነሱ ምን ያህል መራራ እንደነበር አልጠፋኝም። ገብተው ነው እንግዲህ እንዲያ ተቆጥተው የወጡት።

ከወጡ በኋላ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ስዊቹን ነካሁት። ስዊች ከውጭ የሚገባውን አንድ መስመር ለኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚያከፋፍል፣ ጎኑ ላይ የኬብል ቀዳዳ የተደረደረበት ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። ሱቁን ስከፍት አሮጌ የገዛሁት ነበር። እጄን ፈጀኝ። ዓይኔ እያየ ላዩ ላይ ያሉት ጥቃቅን መብራቶች ሁሉ ጠፉ፣ ቆይተው ደግሞ አንድ በአንድ በሩ። ሌሎቹን ኮምፒውተሮች በሙሉ አጥፍቼ ነበር፤ ሥራ በዝቶበት አይደለም። በቃ አርጅቷል። ሰውየው ለሆነ ነገር ዘወር ባለባት ቅጽበት ስዊቹ ሞተ፤ ከዚያ ወዲያ ያየነው የተወውን ምስል ነው።

ይህን ለመሪጌታው ልነግራቸው ሮጥኩ። አዳመጡኝ። «ልጄ፣ እኔ አምንሻለሁ» አሉ። «ልጁ በስልክ ቢያስረዳቸው እንኳ፣ ሰው ያየውን ነው የሚያምን። አንቺ ሳጥን ትያለሽ፣ እነሱ ፊቱን አዞረ ይላሉ። አንድ ጊዜ ለምኜ አመጣቸዋለሁ። ሦስተኛ ግን የለም፤ እኔም አፍ የለኝ።»

በማግስቱ ደብረ ታቦር ወረድኩ። መንገዱ ላይ በቆምን ቁጥር ልቤ ይቆማል፤ ግን ስለ መንገዱ ብጀምር ሌላ ታሪክ ነው። የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ጎልማሳ አፈ ጮሌ ነው። ሦስት ስዊች መስታወቱ ላይ ደረደረልኝ።

የመጀመሪያው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ቀላል፣ ርካሽ ነበር። እጄ ወዲያው ወደሱ ሄደ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም ያገኘሁትን ይዤ ልሮጥ ነበር። ገልበጥ ሳደርገው ግን ያው የእኔው የሞተው ዓይነት ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተለውጧል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኩና መለስኩት።

ሁለተኛው ረጅም፣ ብረት፣ ቀዳዳው የትየለሌ። «ይቺ ጊጋ ናት» አለኝ። «ትበራለች!»

«የእኔ መስመር አህያ እየነዳ የሚመጣ ነው» አልኩት። «መብረሩ ምን ያደርግልኛል?»

ሳቀ፤ ግን ሐቁን አልደበቀኝም። ከውጭ የሚገባውን መስመር ስዊች አያፈጥነውም። የሚያፈጥነው ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄደውን ነው። «ፊልም ትጭኛለሽ አይደል? ያቺ አሮጌዋ ቀኑን ሙሉ ስታዘግም ነው ተቃጥላ ያለቀችው። ፈጣኗ ቶሎ ጨርሳ ታርፋለች።» ይህ ገባኝ። ሰክቶ ሲያበራልኝ ግን ውስጧ ያለው ማራገቢያ ጮኸ። ሽማግሌ በሚናገርበት፣ አንዲት ቃል በምትጠበቅበት ክፍል ውስጥ ይህ ጩኸት ታየኝ። «አንሣልኝ» አልኩት።

ሦስተኛዋ ትንሽ ናት። ባለ ስምንት ቀዳዳ፣ ብረት ልብስ፣ ማራገቢያ የሌላት፣ እሷም ጊጋ። አባቴ በሬ ሲገዛ አንድ ትልም ሳያርስበት ዋጋ አይቆርጥም ነበር። እኔም ኮምፒውተሮቹን ከሷ ጋር እንዲያያይዝና ትልልቅ ፊልም ወዲያና ወዲህ እንዲያመላልስባት አደረግሁት። እሱ ሌላ ደንበኛ እያስተናገደ እኔ መዳፌን ጀርባዋ ላይ ጭኜ ተቀመጥኩ።

«እኅቴ፣ ስዊች ናት እኮ፤ ያተኮሳት ሕፃን አደረግሻት» አለ።

«ቢያተኩሳት ለሐኪም ቤት ጊዜ የለኝም» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቢሳሳት እሱ ሌላ ይቀይርልኛል፤ ወንድሜን የሚቀይርልኝ የለም። ለብ ከማለት አላለፈችም። እሷን ወሰድኩ። አሮጌው ኬብል አይጥ የሞከረው ስለነበር አዲስ ኬብልም ጨመርኩ። ዋይፋይ አይታሰብም፤ የጓዳዬ ግድግዳ ድንጋይ ነው።

ቤት ገብቼ ኬብሉን ከሱቁ እስከ ጓዳ ዘረጋሁ፤ መብራት ቢጠፋ ብዬም ስዊቿን ከሱቁ መጠባበቂያ ባትሪ ጋር አያያዝኳት። ከዚያ እስከ ቀጠሮው በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር እነካታለሁ። ወንድሜ ከስማዳ ተሸፋፍኖ መጣና ዕቃ ቤት አስቀመጥኩት። ከስቷል። ባጃጅ ሲነዳ በዘፈን መንገዱን የሚያደምቅ ልጅ፣ አሁን ሲያወራ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

«ይሠራል?» አለኝ ስዊቿን እያየ።

«ይሠራል።»

«ሰውየውስ?»

ድንጋዩን ልፈልግ ነው ብዬ ወጣሁ። በእኛ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ ይቅር የሚለው ሰው ነው የሚያወርድለት።

ሰዎቹ መጡ። አጎትየው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ለመውጣት እንዲመቻቸው። የሟቹ ባለቤት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አድርገው ግድግዳውን ተደገፉ። ደወልኩ። የልጃቸው ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ ጥርት ብሎ፣ ያልተላጨው ጢሙ ሳይቀር እየታየ። መሪጌታው ጸሎት አደረሱና ነገሩን ከሥሩ ተናገሩ። ከዚያ ወንድሜ ገባ። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ስክሪኑ ፊት ተንበረከከ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታው ወደ ስክሪኑ፣ «ስለ ፈጠረህ፣ ስለ ድንግል ብለህ ይቅር በለው።»

ሰውየው ዝም አለ።

እንዲሁ እያየ ዝም አለ። ዓይኑ አይርገበገብም። አንዷ ሴት «ደግሞ ደረቀ» ብላ አንሾካሾከች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ስዊቿን አየሁ፤ መብራቶቿ ይርገበገባሉ። ስክሪኑን አየሁ፤ ከሰውየው ጀርባ ያለው መጋረጃ ይወዛወዛል። አልተቋረጠም። ሰውየው ዝም ብሎ ነው።

ያን ጊዜ ያቺን ስዊች ረገምኳት። አሮጌው ቢሆን «ተቋረጠ» እል ነበር፤ ሁሉም ያምናል፣ ዝምታውም ዝምታ አይባልም። መርጬ፣ ፈትኜ፣ በመዳፌ መዝኜ ያመጣሁት ሰበብ የማይሰጥ ዕቃ ነው።

አጎትየው ተነሡ። «ያው እንደዚያን ቀኑ ነው። ኑ እንሂድ።»

«ይቆዩ» አሏቸው መሪጌታው፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ተቋርጧል?» አሉኝ።

አዎ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እናቴ በጆሮዬ «መጣ?» ትለኛለች። ግን አዎ ብል ሁሉም ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ሦስተኛ ደግሞ የለም። አይ ብል ሰውየው እምቢ ማለቱን በአፌ ማወጄ ነው። ወንድሜን አየሁት። ላቡ ድንጋዩን አርሶታል።

«አልተቋረጠም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ያየናል። ይሰማናል።»

«እውነቷን ነው» አለ ሰውየው።

አጎትየው እንደቆሙ ቀሩ።

«እሰማችኋለሁ። ይቅር ማለቱንማ ሳትደውሉ ጨርሼው ነው የጠበቅኋችሁ። ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ድንጋዩን የሚያወርድለት ማን ነው ብዬ ነው የቆምኩ። ማውረዱ የእኔ ነበር። አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ፣ አፈር እንኳ አላለበስኩት። ይኸንንም በሰው እጅ ላድርገው? እጄ አይደርስ።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እምዬ፣ አንቺ በእኔ እጅ አውርጅለት።»

የሟቹ ባለቤት ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ነጠላቸው ከፊታቸው ወረደ። ሊያግዟቸው የቃጡትን በእጃቸው መለሱ። ድንጋዩ ከበዳቸው፤ ደረታቸው ላይ አስደግፈው አነሡትና መሬት አስቀመጡት። ወንድሜ ግንባሩን መሬት አስነክቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ማንም ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም።

መሪጌታው መርቀው አብረው እንዲበሉ አዘዙ። ማዕዱ ቀረበ። ነገሩ አለቀ ብዬ መስመሩን ልዘጋ እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደድኩ።

«እኅቴ፣ አትዝጊው» አለኝ ሰውየው። «ሲበሉ ልይ።»

ስክሪኑን ወደ ማዕዱ አዞርኩለት። እናቱ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ለወንድሜ አጎረሱት። አጎትየውም መጥተው ከማዕዱ ቀረቡ። እናትየው ሁለተኛውን ጠቀለሉና፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል እንደሚባለው፣ ሰው ሁሉ ወደ ወንድሜ የሚመልሱት መስሎት ሲጠብቅ፣ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። ረስተው ይሁን አውቀው አላውቅም። ማንም አልሳቀም።

እሱም አፉን ከፈተላቸው።