በቀላሉ የተነገረ መድኃኒት

የአባቴ አባት በጎጃም ገጠር መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። እኔ አላየኋቸውም፤ የማውቀው አባቴ የነገረኝን ብቻ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከቤት ይወጣሉ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ቢላቸው አይመልሱም። የቆረጡትን ቅጠል በጋቢያቸው ሥር ሸሽገው ይመለሱና ወቅጠው፣ ጨምቀው፣ ምን እንደሆነ እንዳይለይ አድርገው ለበሽተኛው ይሰጣሉ። ስሙን ግን ለማንም አይናገሩም። ስሙ የተነገረ ቅጠል ኃይሉን ያጣል ይባል ነበር። "ቅጠሉ በእጅ፣ ስሙ በሆድ" ይላል አባቴ ስለሳቸው ሲያወራ።

እኔ ያደግሁት ካናዳ፣ ካልገሪ ነው። በዚህ ነገር አምናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ማመኔን ያወቅሁት ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት ነው።

የነዳጅ ዘይቱ ገበያ ከተማውን ይዞት ወደ ላይ የወጣበት ጊዜ ነበር። እኛ በምንኖርበት በስካይቪው ራንች ሰፈር በየሳምንቱ የአንድ አዲስ ቤት ጣሪያ ይገጠማል። አባቴ ኦግደን ባለው የባቡር ግቢ የዘይት ፉርጎ ሲበይድ በሳምንት ስድስት ቀን ይውላል። አብረውኝ ሃይስኩል ከጨረሱት ብዙዎቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዘይቱ ካምፕ ሄደዋል። አባቴ ግን "ዘይት ያልቃል" ብሎ እኔን አስቀረኝ። ውጤቴ ትንሽ ጎድሎ ስለነበር ኮሌጁ የተቀበለኝ በቅድመ ሁኔታ ነው፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ከወደቅሁ ቦታዬን አጣለሁ።

ከኮርሶቹ አንዱ ስለ ሰዎችና ስለ ዕፀዋት ነበር። የውጤቱ እኩሌታ አንድ ፔፐር ላይ ያረፈ ነው። መምህሯ የሰጠችን ሥራ ግልጽ ነው፤ ሁለት ጎረቤት የሆኑ የገጠር አካባቢዎችን መርጠን፣ ከየአካባቢው አንድ እዚያ ያደገ ሰው ጠይቀን፣ ለሳል፣ ለሆድ ሕመምና ለቁስል ምን ምን ቅጠል እንደሚጠቀሙ ማነጻጸር። ሁለቱም ሰዎች የፈቃድ ቅጽ መፈረም አለባቸው። ሁለት ፊርማ የሌለው ፔፐር አይታረምም።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አባቴ ነው። ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲፈታ ጠየቅሁት።

"ምኑን ነው የምነግርሽ?"

"አያቴ ለሳል ይሰጡ የነበረውን።"

"ለማን ልትነግሪ?"

"ለመምህሬ።"

ሳቀ። "አባቴ ለሚስታቸው ያልነገሩትን እኔ ለፈረንጅ ልናገር?"

"አባዬ፣ ቅጹ ላይ እኮ ትፈርማለህ፤ መብትህ ይጠበቃል።"

"ቅጽም አለው ደግሞ!" አለና ሊታጠብ ገባ።

ስለዚህ በአጥር ማዶ ወዳሉት ጎረቤቶቻችን አየሁ። ሕንዶች ናቸው። በዚያ ቤት ሁለት አሮጊቶች ነበሩ። አንደኛዋ የባልየው እናት፣ ከፑንጃብ ሜዳ የመጡ፤ ሁለተኛዋ የሚስቲቱ እናት፣ ከፑንጃብ ጋር ከሚዋሰነው ከካንግራ ተራራማ አገር። ሁለቱም ልጆቻቸውን ለመጠየቅ በቪዛ የመጡ ናቸው። እኔ በሐሳቤ የሜዳዋ እማማና የተራራዋ እማማ እላቸዋለሁ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ የምታስተረጉምልኝ የቤቱ እመቤት ነበረች፤ ለአንደኛዋ ልጅ፣ ለሌላዋ ምራት።

የመጀመሪያው ቀን ኩሽናቸው ውስጥ ተቀመጥን። ቅጹን ለሁለቱም ሰጠሁ። የተራራዋ እማማ ሳያስነብቡ፣ ገና እስክሪብቶውን ስዘረጋላቸው ፈረሙ። ከዚያ ጀመሩ። ለሳል ባሱቲ የሚሉት ቅጠል፤ ሲገልጹልኝ የእኛን ሰንሰል መሰለኝ። ለሆድ ነጭ አዝሙድ። ለቁስል የአንድ ዛፍ ልጥ። ስሙን፣ የሚበቅልበትን፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈላ፣ ሁሉንም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት ዓይነት ቅጠልና ሥር ነገሩኝ። እጄ ደከመ።

የሜዳዋ እማማ ቅጹን በጣታቸው ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፉት። "ልጄ ይየው" አሉ። ጥያቄዬን ስደግም ሦስት ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ ኒም የተባለ ዛፍ፣ እርድ በወተት፣ አብሽ። "ሌላስ?" አልኩ። ዓይኔን ዓይኔን አዩኝና "ሌላው ሐኪም ቤት ነው" አሉ።

ወደ ቤቴ ስመለስ በልቤ ፈርጄ ነበር። አዋቂዋ ዝም ያሉት ናቸው። በነጻ የሚበተን ነገር እውነት ሊሆን አይችልም፤ የተራራዋ እማማ ተማሪ ለማስደሰት ከአፋቸው ያመጡትን ነው የነገሩኝ። የቤቱን እመቤትም ጠረጠርኋት። የአማቷ ረጅም ንግግር በእሷ አፍ ሁለት ቃል ይሆናል፤ የእናቷ ደግሞ ይረዝማል። ለእናቷ እየጨመረች፣ ከአማቷ እየቀነሰች ይሆናል ብዬ ማስታወሻዬ ጠርዝ ላይ ጻፍሁ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ለመምህሯ ሳሳይ፣ የሜዳው እውቀት ጥልቅና የተሰወረ፣ የተራራው ግን የማይታመን መሆኑን በጥሩ እንግሊዝኛ አስቀምጬ ነበር። ትመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"የማይታመን መሆኑን በምን አወቅሽ?" አለችኝ።

"ቶሎ ነገሩኝ።"

"ቶሎ መናገር ማስረጃ ነው?"

ማስረጃ ከፈለገች አመጣላታለሁ አልኩ በሆዴ። እንዲህ ብዬ ወጥመድ አጠመድሁ። ስለ ሳል እንደ አዲስ እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሳቸው ከመጀመሪያው ከተለየ ውሸታቸው ይያዛል።

በረዶ የጣለ ቀን ነበር። የተራራዋን እማማ ከልጃቸው ጋር ብቻ አገኘኋቸው። "አባቴ እያሳለ ነው" አልኩ። አባቴ አላሳለም።

እማማ የያዙትን አስቀመጡ። የጥያቄ መዓት አወረዱብኝ። ዕድሜው ስንት ነው? ደረቅ ነው አክታ ያለው? ሲተኛ ይብሳል? ምን ሥራ ይሠራል? ብረት ይበይዳል አልኳቸው፤ እሱ እንኳ እውነት ነው። ሌላውን ሁሉ እዚያው ፈጠርኩት። አስበው አስበው "ለሱ ባሱቲ አይሆንም" አሉ። ዝንጅብል፣ ነጭ አዝሙድ፣ መስኮታቸው ላይ በማሰሮ የሚያበቅሉት፣ በሶብላ የሚመስል ቱልሲ የሚሉት ቅጠል፣ ማር።

ያዝኳቸው! ባለፈው ባሱቲ፣ ዛሬ ሌላ። ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ጻፍሁት።

በማግስቱ ከክፍል ስመለስ አባቴ ኩሽና ውስጥ ቆሟል። ፊት ለፊቱ አንድ ብልቃጥ አለ፤ ቡናማ ፈሳሽ የሞላበት።

"ነይ እስቲ" አለኝ። "የጎረቤቷ አሮጊት በዚያ በረዶ ላይ በነጠላ ጫማ መጡ። በሩን ከፈትኩ። ደረቴን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ይሄንን ሰጡኝና ሄዱ። ምንድን ነው?"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ።

"ሳልታመም መድኃኒት የተላከልኝ የመጀመሪያው ጎጃሜ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሰው ደህና ሰው ቤት መድኃኒት የሚልከው ለምን እንደሆነ እኛ አገር ታውቂያለሽ? ልደፋው ነበር።"

ነገርኩት። ወጥመዱንም፣ ሳሉንም። አልተቆጣም፤ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ብልቃጡን ከፍቶ አሸተተ፤ በጣቱ ጫፍ ቀመሰ።

"ነጭ አዝሙድ። ዝንጅብል። ማር፣ የሱቅ ማር። አንዱን አላወቅሁትም።" ደግሞ ቀመሰ። "ምን ብለው ጠየቁሽ?"

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ነገርኩት። ስለ ሥራው መጠየቃቸውን ስነግረው ብልቃጡን አስቀመጠ።

"ባለፈው ጊዜ፣ ያንን ሌላውን ቅጠል ሲነግሩሽ፣ ማን ነው የታመመው ብለሽ ነበር?"

"ማንም። ለትምህርት ነው ብዬ።"

"እና መልሳቸው ተለየ ብለሽ ውሸታም አልሻቸው?" ራሱን ነቀነቀ። "አባቴም በሽተኛውን ሳይጠይቁ ቅጠል አይቆርጡም ነበር። ለአንድ ሳል ሦስት ሰው ቢመጣ ሦስት ዓይነት ነው የሚሰጡት። ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው።"

"አባዬ፣ ፊርማቸውን ቢወስዱብኝስ? ፔፐሩ እኮ አርብ ነው የሚገባው።"

"ይውሰዱት።"

ሄድኩ። ሁለቱም እማማዎች አንድ ትሪ ከበው አተር ይፈለፍላሉ። የቤቱ እመቤት ቆማለች።

"አባቴ አላሳለም" አልኩ።

እመቤቲቱ አልተረጎመችም። "እርግጠኛ ነሽ ይሄን እንድናገር?"

"ንገሪያቸው። ይዋሹኛል ብዬ ጠርጥሬ ልፈትናቸው ነው የዋሸሁት በያቸው።"

በዚህ ጊዜ ትርጉሙ ልክ እንደ ንግግሬ ረዘመ። የተራራዋ እማማ እጃቸው ትሪው ላይ ቆመ።

"ታዲያ ማን ነው የታመመው?"

"ማንም።"

"ወረቀቴን አምጪ።"

ሰጠኋቸው። አራት ቦታ አጠፉትና ከጉልበታቸው ሥር አስቀመጡት። አተራቸውን መፈልፈል ቀጠሉ። አርብ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በእጄ አንድም ፊርማ የለም።

ያኔ የሜዳዋ እማማ ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

"እኔ ደግሞ አንቺን ስጠረጥር ነው የከረምኩ" አሉ በምራታቸው አፍ። ቅጹ ላይ ስም፣ መንደር፣ ዕድሜ፣ ደግሞ "የታከሙበት በሽታ" የሚል መስመር አለ። "ስኳርና ጉልበት አለብኝ ብዬ ከስሜ ጋር ጽፌ ልስጥሽ? ነገ ቪዛዬ ሲታደስ፣ ኢንሹራንሱ ሲጠየቅ፣ ያንን ወረቀት ማን እንደሚያነበው አውቃለሁ?"

"መምህሬ ብቻ ነች።"

"አንቺ ነሽ የምትይው። አባትሽም ያስለው ነበር።"

እንደምንም "ቅጠሎቹስ?" አልኩ። "የደበቁኝ የለም?"

"ሦስት አልኩሽ፣ ሦስት ናቸው! የኛ መንደር እስከ ደጃፋችን ድረስ ስንዴ ነው። ጥግ ጥጉ ሁሉ ታርሷል፤ የቀረው በር ላይ ያለው ኒም ነው። ጫካ ያለው እሷ ዘንድ ነው።" ወደ ተራራዋ እማማ በአገጫቸው ጠቆሙ። "እኔስ ሲያመኝ የምጠይቀው ማንን ሆነና?"

የተራራዋ እማማ ከአተራቸው ቀና ሳይሉ "ለልጆቻችን ሠርግ ስመጣ ግን ሻንጣ ሙሉ ሥራ ሥር ይዛ መጣች ብለሽ ዘመድሽን ሁሉ አስቀሽብኛል" አሉ።

"አስቄያለሁ። ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ።"

እመቤቲቱ እየሳቀች ነበር የምትተረጉመው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የፔፐሬ ሙሉ መልስ አሁን እፊቴ ተነግሯል፤ ጫካና ስንዴ። እኔ የዝምታ ጥልቀት ያልኩት የታረሰ መሬት ነበር።

የሜዳዋ እማማ ቅጹን አስመጡ። መስመር በመስመር አስነበቡ። ስለ በሽታ የሚለውን በራሳቸው እጅ ሁለቴ ሰረዙና ፈረሙ። የተራራዋ እማማ ግን "እኔ ሰውየውን ሳላይ አልፈርምም" አሉ። "አንዴ ታሟል አልሽ፣ አንዴ አልታመመም። የትኛው ውሸት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

አባቴ በማግስቱ ከሺፍቱ በቀጥታ መጣ። ጎረቤት ከሆንን ሁለት ዓመት ቢሞላንም ያንን ቤት ረግጦት አያውቅም። አስቀመጡት። ምላሱን አዩ። ጆሯቸውን ጀርባው ላይ አድርገው "ተንፍስ" አሉት፤ ከትርጉሙ በፊት ተነፈሰ።

"ስትበይድ አፍህን ትሸፍናለህ?"

"አንዳንዴ።"

"ሁልጊዜ ሸፍን።" ወደ እኔ ዞሩ። "ደህና ነው" አሉና ወረቀቱን ዘርግተው ከታጠፈበት በላይ እንደገና ፈረሙ።

ከዚያ አባቴን ጠየቁት። "በናንተ አገርስ ለሳል ምን አለ?"

አባቴ ጣሪያውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ስም ነው።

"ዳማከሴ" አለ፣ በጣም አክብዶ።

ዳማከሴን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ለምች የሚታሽ፣ በየአጥሩ ሥር ያለ፣ እዚህ ከተማ ሳይቀር የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በባልዲ የሚያበቅሉት ነው። የተራራዋ እማማ አመስግነው እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። የሜዳዋ እማማ አባቴን ረዘም አድርገው አዩትና ፈገግ አሉ።

ፔፐሩ አርብ ገባ። አለፍኩ፤ ቦታዬም ጸና። ረቂቁን ግን ከነጠርዝ ማስታወሻው እስካሁን አልጣልኩትም።

አባቴ ዳማከሴ ያለ ዕለት ከጎረቤት ወደ ቤታችን ስንሻገር፣ በረዶው ላይ፣ አባቴን ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ አያቴ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያናግሩ የሚሄዱት ዳማከሴ ሊቆርጡ ነበር እንዴ?"

ቁልፉን ከኪሱ ሲፈልግ ቆየ።

"እኔ እኮ ቅጹን አልፈረምኩም" አለ።